ትንሽ ትንሽ የሚዋጠው እንጉዳይ መንፈስ ያድሳል? አንድ ጥያቄና 24 ምላሾች

ጥያቄውን በኢንተርኔት የውይይት ገጻችን ላይ ያነሣችው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ የምትኖር የሁለት ልጆች እናት ናት። ሌሊት አረጋውያንን በየቤታቸው ስትንከባከብ ታድራለች፤ ቀን ደግሞ ልጆቹ ስላሉ እንቅልፍ የላትም። አብራት የምትሠራ አሜሪካዊት ወዳጇ በቫይታሚን ጠርሙስ ያደረገቻቸውን እንክብሎች ሰጠቻት። ውስጣቸው ያለው ደርቆ የተፈጨ እንጉዳይ ነው፣ ሲሎሳይቢን የሚባለው ንጥረ ነገር ያለበት ዓይነት። መጠኑ እጅግ ትንሽ ስለ ሆነ የሌለ ነገር አያሳይም፣ ከሥራም አያስቀርም ተብላለች። ወዳጇ ትዕግሥቷ እንደ ጨመረ፣ ከእናቷ ጋር እንደ ታረቀች፣ ጠዋት ጠዋት ከአልጋ አላስነሣ ይላት የነበረው ሐዘን እንደ ለቀቃት ነግራታለች። ጠያቂዋ ከእኛ ሰው የሞከረ ይኖር እንደ ሆነ፣ በእርግጥ ይሠራ እንደ ሆነ፣ ዋሽንግተን ውስጥ ተፈቅዷል የሚባለውም እውነት መሆኑን ማወቅ ፈለገች። አጠያየቋ ጨዋና ቁጥብ ነበር። ያልነገረችን ነገር ግን ነበረ፤ እርሱ 11ኛው ላይ ይመጣል።

ምላሾቹን በየተራቸው እነግራችኋለሁ፤ የረዘመውን አሳጥሬ፣ ስድቡን ትቼ። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። እኔ ቨርጂኒያ የምሠራ ፋርማሲስት ነኝ፤ 8ኛው ምላሽ የእኔ ስለ ሆነ ገለልተኛ ነኝ አልልም።

ምላሽ 1፦ በአክብሮት ሰላምታ የጀመረ ሰው ነገሩን ከሥሩ አስረዳ። ማይክሮዶዚንግ የሚባለው፣ ስሜትንና እይታን የሚለውጡትን ሳይኬደሊክ ዕፆች ከተለመደው መጠን አንድ አሥረኛ ወይም ከዚያ ባነሰ ልክ መውሰድ ነው። አንድ ቀን ወስዶ ሁለት ቀን ማረፍ የሚለውን ሥርዓት ያስፋፋው የሥነ ልቦና ባለሙያው ጄምስ ፋዲማን በ2011 ባወጣው መጽሐፍ ነው። ከዚያ ወዲህ የካሊፎርኒያ የቴክኖሎጂ ሠራተኞች ይዘውት ሮጡ። መላሹ ራሱ ሞክሮ እንደማያውቅ፣ በሞከረውም እንደማይፈርድ ጨምሯል።

ምላሽ 2፦ ጠበል እንድትጠመቅና የንስሐ አባቷን እንድታማክር የሚመክር አንድ መስመር። ከሁሉም ይልቅ የተወደደው ይህ ነው።

ምላሽ 3፦ ታሪክ ወዳዱ ሰው 1ኛውን አረመ። ነገሩ ካሊፎርኒያ አልተፈጠረም። የስዊሱ ኬሚስት አልበርት ሆፍማን ኤልኤስዲ የተባለውን ሌላ ሳይኬደሊክ ዕፅ ባዝል ከተማ በ1938 ቀመመው፤ በ1943 ራሱ ቀምሶ በብስክሌት ወደ ቤቱ ሲሄድ ዓለም ተገለባበጠችበት፤ በ1958 ደግሞ ሲሎሳይቢንን ከእንጉዳይ ለይቶ አወጣ። ከእርሱ በፊት ግን የሜክሲኮዎቹ ማዛቴኮች ነበሩ። ሁአውትላ በምትባል ተራራማ መንደር ማሪያ ሳቢና የተባለች ባለ መድኃኒት እንጉዳዩን ለበሽተኛ፣ በሌሊት፣ በጸሎት ትሰጥ ነበር። ጎርደን ዋሰን የተባለ የኒውዮርክ የባንክ ሰው ያየውን በ1957 ላይፍ መጽሔት ላይ ከጻፈው ወዲህ መንደሯን የውጭ ሰው አጥለቀለቃት። ፖሊስ መጣ፣ መንደርተኛው እርሷን ጠላ፣ ቤቷም ተቃጠለ። መላሹ የሚለው፣ ያ ሥርዓት ለመታከም እንጂ ለሥራ ቅልጥፍና የተሠራ አልነበረም ነው። ከታሪኩ ሁሉ ይህችን ወደድኋት።

ምላሽ 4፦ እዚህ ላይ የሞከረው ሰው ብቅ አለ። ሲያትል የሚኖር የሶፍትዌር መሐንዲስ ነው። ስብሰባ ላይ ሲናገር ድምፁ ይንቀጠቀጥበት እንደ ነበረ፣ አሁን እንደማይንቀጠቀጥ፣ በመንገድ ላይ የሚቀድመውን ሹፌር መሳደብ እንደ ተወ፣ ለአባቱ ሳይደውል ወራት ያሳልፍ እንደ ነበረና አሁን በየእሑዱ እንደሚደውል ጽፏል። አጻጻፉ ከልብ ነበር። ሰው የሚዋሽ አይመስልም፤ እኔም ዋሽቷል አላልሁም።

ምላሽ 5፣ 6 እና 7፦ አንዷ ይህ እንጉዳይ ክረምት ላይ በየሜዳው የሚበቅለው የጅብ ጥላ እንደ ሆነ ጠየቀች። ሌላዋ መልሱን ትታ የጾም እንጉዳይ ጥብስ አሠራር ጻፈች፦ ውኃው እስኪመጥ ድረስ ያለ ዘይት ማንከባለል፣ ከዚያ ሽንኩርት፣ ቃሪያ፣ በመጨረሻ የጥብስ ቅጠል። ሦስተኛው ተቆጥቶ፣ ሰው ስለ ጤናው እየጠየቀ ስለ ወጥ ማውራት ነውር መሆኑን አሳሰበ። ለ5ኛዋ ግን ማንም በቅጡ አልመለሰላትም፤ የዱር እንጉዳይ በመልክ ለይቶ መልቀም ለባለሙያም የሚያስፈራ፣ ጉበት የሚጨርሱ ዓይነቶች ያሉበት ነገር ስለ ሆነ ሊመለስላት ይገባ ነበር።

ምላሽ 8፦ የእኔው። የሲያትሉን ሰው ተሞክሮ ሳልነካ፣ የተሻለው በእንጉዳዩ ነው ወይስ ይሻለኛል ብሎ በመጠበቁ የሚለውን ሰዎች እንዴት ሊለዩ እንደ ሞከሩ ጻፍሁ። የለንደኑ ኢምፔሪያል ኮሌጅ ተመራማሪዎች በ2021 ያወጡት ጥናት ብልሃት የተሞላ ነው። ለሙከራ የሚሆን ብዙ ገንዘብ ስላልነበራቸው፣ በራሳቸው ፈቃድ ይህንን ሊወስዱ የተዘጋጁ ሰዎችን ራሳቸውን እንዲያታልሉ አስተማሯቸው። እያንዳንዱ ሰው በቤቱ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ውስጡ በማይታይ እንክብል ግማሹን በዕፁ ይሞላል፣ ግማሹን ባዶ ይተወዋል። የየሳምንቱን ድርሻ በፖስታ ያሽጋል፤ በፖስታው ላይ ኮምፒውተር ብቻ የሚያነበው ምልክት ይለጥፋል፤ ፖስታዎቹን ያደባልቃል። ከዚያ በኋላ የትኛውን እየዋጠ እንደ ሆነ ራሱም አያውቅም። 191 ሰዎች እስከ መጨረሻው ዘለቁ። ዕፁን የዋጡት ተሻላቸው፤ ባዶውን የዋጡትም ተሻላቸው፤ በሁለቱ መካከል የማያወላዳ ልዩነት አልተገኘም። ባዶ እየዋጠ እውነተኛውን ነው የወሰድሁት ብሎ የገመተ ሰው ግን ደኅና ቀን ዋለ።

ምላሽ 9፦ የሲያትሉ ሰው ተመለሰ፤ ጨዋነቱ ግን አብሮት አልተመለሰም። ሕይወቱን በሰንጠረዥ የሚመዝኑለት ሰዎች እንደማያስፈልጉት፣ ፋርማሲስቶች የሚከራከሩት ለሚሸጡት ክኒን እንደ ሆነ፣ መሻሉ በሐሳብም ቢሆን መሻል መሆኑን ጻፈ። የመጨረሻይቱ ነጥብ ጥሩ ናት፤ የመካከለኛዋን እለፋታለሁ።

ምላሽ 10፦ ስሜቱ ያልጋለ አንድ የሕክምና ተማሪ ሁለታችንንም በልክ አረመን። ሙከራው የለንደኑ ብቻ አይደለም። የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ በ2022 ለ56 ሰዎች 13 ወይም 26 ማይክሮግራም ኤልኤስዲ፣ አልያም ባዶ፣ በቤተ ሙከራ ሰጥቶ በስሜታቸው ላይ የሚዘልቅ መሻሻል አላገኘም። በሌላ በኩል የኒውዚላንዱ ኦክላንድ ዩኒቨርሲቲ በ2023 ባወጣው ጥናት 80 ጤነኛ ወንዶች ለስድስት ሳምንት በየሦስት ቀኑ 10 ማይክሮግራም ወይም ባዶ ወስደው፣ ዕፁ የደረሳቸው በወሰዱበት ቀን ብርታትና ደስታ ተሰምቷቸዋል። ያ ስሜት ግን ለሚቀጥለው ቀን አላደረም፤ ጭንቀት በርትቶባቸው አቋርጠው የወጡም ነበሩ። ስለዚህ ምንም አይሠራም ማለትም፣ ሕይወት ይለውጣል ማለትም ከተገኘው አልፎ መሄድ ነው። ለዚህ ሰው አመሰገንሁት፤ የሲያትሉ ሰው አላመሰገነውም።

ምላሽ 11፦ ጠያቂዋ ራሷ። ለሁላችንም ምስጋና ካቀረበች በኋላ ሁለት ነገር ጣል አደረገች። አንደኛው፣ ሐኪም ለድባቴ ያዘዘላትን ሰርትራሊን ለረጅም ጊዜ ስትወስድ ቆይታ፣ ወዳጇ እንጉዳዩን ያከሽፍብሻል ስላለቻት በአንድ ጊዜ ማቆሟ ነው። ከዚያ ወዲህ ራሷን ያዞራታል፣ በነገር ሁሉ ትቆጣለች፣ እንቅልፍ ጨርሶ እምቢ ብሏታል፤ ይህንን እንጉዳዩ ገና ስላልተጀመረ የመጣ ድካም አድርጋ ወስዳዋለች። ሁለተኛው፣ የአሜሪካ ዜግነት ማመልከቻዋን አስገብታ የቃለ መጠይቅ ቀጠሮ እየጠበቀች ነው። እንክብሎቹን ገና አልከፈተቻቸውም።

ከዚህ በኋላ ንግግሩ መልኩን ለወጠ።

ምላሽ 12፦ አንድ ሰው የልጆች እናት ሆና በዕፅ ትጫወታለች ብሎ ወረደባት። ብዙውን እተወዋለሁ። ሐኪም ያዘዘውን መድኃኒትም ቢሆን የእምነት ጉድለት ነው እስከ ማለት ደርሷል።

ምላሽ 13፦ በአእምሮ ሕክምና ክፍል ለብዙ ዓመት የሠራች ነርስ 12ኛውን በሁለት ዓረፍተ ነገር አስቀመጠችው፤ ሰው በጤናው ላይ ሲወያይ ድንጋይ የሚወረውር ዝም እንዲል ነገረችውና ወደ ጠያቂዋ ዞረች። መዞሩ፣ ቁጣውና እንቅልፍ ማጣቱ ሰርትራሊን በድንገት ሲቋረጥ የሚመጣ የታወቀ ነገር መሆኑን፣ ይህ መድኃኒት በሐኪም ምክር ቀስ እየተባለ እንጂ በአንድ ቀን እንደማይተው፣ ድባቴውም ተመልሶ ሊመጣ እንደሚችል አስረዳች። ወዳጇ ስለ ማክሸፉ የተናገረችው ፈጽሞ ሐሰት አይደለም፤ ሁለቱም የሚሠሩት ሴሮቶኒን በሚባለው የአንጎል ንጥረ ነገር መንገድ ስለ ሆነ እንዲህ ያሉ መድኃኒቶች የሲሎሳይቢንን ስሜት ያደበዝዛሉ። ግን የተመሰከረለትን ጥሎ ያልተመሰከረለትን መያዝ ምን ዓይነት ልውውጥ እንደ ሆነ ጠየቀች። ለስሜት መዋዠቅ ሕመም የሚታዘዘውን ሊቲየም የሚወስዱ ሰዎች ደግሞ ከሳይኬደሊክ ጋር ሲቀላቅሉ የሚጥል ሕመም እንደ ደረሰባቸው የተመዘገበ መሆኑን ለሌሎች አንባቢዎች ጨመረች። በዚያው ዕለት ሐኪሟ ጋር እንድትደውል አሳሰበቻት። ከ24ቱ አንዱን ብቻ ምረጥ ብባል ይህንን እመርጣለሁ፤ ከእንክብሉ ይበልጥ ጠያቂዋን የጎዳት እርሱን ብላ የተወችው ነገር ነውና።

ምላሽ 14፦ በኢሚግሬሽን ጠበቃ ቢሮ የሚሠራ ሰው የሕጉን ነገር ዘረዘረ። ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ ተፈቅዷል የሚባለው በኅዳር 2020 ሕዝብ ድምፅ የሰጠበት ኢኒሼቲቭ 81 ነው። ከመራጮች ሦስት አራተኛው ያህል ደግፈውት በ2021 ሥራ ላይ ዋለ። እርሱ የሚለው ግን የከተማው ፖሊስ እንደዚህ ዓይነቱን ዕፅና እንጉዳይ ማሳደድ ከሥራዎቹ ሁሉ መጨረሻ ያድርገው ነው፤ ይሸጥ፣ ይፈቀድ አላለም። ከከተማው መሬት ቀላል የማይባለው ክፍል ደግሞ የፌዴራል ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ ሜሪላንድ ናት፤ የዲሲ ድምፅ መንገዱን ተሻግሮ አይከተልም። ኦሪገን በ2020፣ ኮሎራዶ በ2022 በድምፅ ያጸደቁትም ፈቃድ ባለው ማእከል፣ በሠለጠነ ሰው ፊት መውሰድን የሚመለከት አገልግሎት እንጂ ከሱቅ ገዝቶ መሄድን አይደለም፤ ኮሎራዶ ዐዋቂዎች ለራሳቸው እንዲያበቅሉ ቢፈቅድም መሸጥን ከልክሏል።

ከሁሉ የሚከፋው ቀጥሎ ያለው ነው። በፌዴራል ሕግ ሲሎሳይቢንም ኤልኤስዲም ከሄሮይን ጋር እጅግ ጥብቅ ክልከላ ባለበት በአንደኛው የዕፅ ሠንጠረዥ ላይ ናቸው፤ ኢሚግሬሽን የሚያውቀው ይህንን ሠንጠረዥ ብቻ ነው። ዜጋ ያልሆነ ሰው ሳይከሰስና ሳይፈረድበት፣ አድርጌዋለሁ ብሎ ለመኮንን በማመኑ ብቻ ችግር ላይ ሊወድቅ ይችላል። በሚያዝያ 2019 የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤቱ ማሪዋና በተፈቀደበት ክፍለ ግዛት የተጠቀመም ቢሆን መልካም ጠባይ የሚለውን የዜግነት መስፈርት ሊያጣ እንደሚችል መመሪያ አውጥቷል፤ ማሪዋና እንዲህ ከሆነ ማንም የድምፅ ወረቀት ያላዳነው እንጉዳይ አይሻልም። ቅጹ ስለ ዕፅ ይጠይቃል፤ መዋሸት ደግሞ የራሱ የሆነ ጥፋት ነው። መላሹ ጠያቂዋ ከዚህ በላይ በአደባባይ እንዳትጽፍ፣ ጥያቄ ካላት ቃለ መጠይቁ ሳይደርስ ከጠበቃ ጋር እንድትቀመጥ መከራት። አሜሪካዊት ወዳጇ በዚህ በኩል የምታጣው ነገር የለም፤ ምክሯም ይህንን አያውቅም።

ምላሽ 15፦ አንድ የከባድ መኪና ሹፌር ስለ ራሱ ጠየቀ፣ መልሱንም ራሱ አገኘ። የትራንስፖርት መሥሪያ ቤቱ የሽንት ምርመራ ማሪዋናን፣ ኮኬይንን፣ አምፌታሚንን፣ ኦፒዮይድንና ፒሲፒን እንጂ እንጉዳይን አይፈልግም። ይሁን እንጂ የአንደኛው ሠንጠረዥ ዕፅ የሚጠቀም ሰው በጤና ብቃት ሕጉ ከመሪው ይነሣል፤ ምርመራው አለማየቱ አይጠቅመውም። ባልደረቦቹ ይህንን እንደማያውቁ በምሬት ጻፈ።

ምላሽ 16፦ ዳላስ የሚኖሩ፣ ሁላችንም አንቱ የምንላቸው አዛውንት ከሩቅ መጡ። በልጅነታቸው ጎጃም፣ ቅኔ ቤት ሳሉ ስለ አብሾ የሰሙትን ተረኩ። ከአስተናግር ፍሬ የሚዘጋጅ ነው፤ የጠጣው ተማሪ የሰማው ሁሉ አይጠፋውም፣ ቅኔው በአንድ ሌሊት ይዘልቀዋል ይባላል። አረቄ ከቀመሰ ግን ያብዳል፣ አብሾው ተነሣበት ይባላል። ስለዚህ ጥቂት ዕፅ ወስዶ አእምሮን መሳል አባቶቻችን የሚያውቁት ነገር ነው፤ ነጩ አሁን ደረሰበት የሚል ነበር አሳባቸው። አተራረካቸው ሰውን ሁሉ ማረከ፤ ለጥቂት ጊዜ ስለ እንጉዳዩ የሚያወራ ጠፋ።

ምላሽ 17፦ የሕክምና ተማሪው በብዙ ይቅርታ አረማቸው። አስተናግር፣ አጤ ፋሪስም የሚባለው፣ አትሮፒንና ስኮፖላሚን የያዘ መርዝ ነው፤ ልብ ያስደልቃል፣ አፍ ያደርቃል፣ የዐይን ብሌን ያሰፋል፣ ሰውን ያቃዣል፣ ይገድላልም። ከፍሬ ፍሬ ኃይሉ ስለሚለያይ ልኩን የሚያውቅ የለም። ከሲሎሳይቢን ጋር ወገንም አይደለም። ከዚህ ሁሉ በላይ፣ ስኮፖላሚን ተመራማሪዎች የሰውን ማስታወስ ለጊዜው ለማደናቀፍ የሚጠቀሙበት ነገር ነው። አዛውንቱ አልተቀየሙም፤ ሊቃውንቱ ቅኔውን የዘለቁት በእንቅልፍ ማጣት ሳይሆን አይቀርም የሚል ቃና ያለው ምልክት ብቻ ተዉ።

ምላሽ 18፦ አምስተርዳም የሚኖር ሰው ይህ ሁሉ ጭንቀት የአሜሪካ ጣጣ መሆኑን፣ እርሱ ያለበት አገር ከሱቅ እንደሚገዛ በኩራት ጻፈ። አገሩ እንጉዳዩን በ2008 መጨረሻ መከልከሉን፣ የሚሸጠው ከመሬት በታች የሚያድገው ትራፍል የሚሉት ክፍሉ ብቻ መሆኑን ሳይጠቅስ አለፈ።

ምላሽ 19፦ ከሱቅ መግዛት ሲነሣ አንዲት ሴት የ2024ን ነገር አስታወሰች። ዳይመንድ ሽሩምዝ የሚባል፣ ለማይክሮዶዚንግ ተብሎ በሲጋራ መሸጫና በኢንተርኔት የሚቸበቸብ ቸኮሌት ነበር። የበሉት ሰዎች ማስመለስ፣ መንቀጥቀጥ፣ ራስን መሳት እየደረሰባቸው ከ100 በላይ ታመሙ፤ ብዙዎቹ ሆስፒታል ተኙ። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ሲመረምረው ሙሲሞል የሚባል ከቀዩ መርዛም እንጉዳይ የሚገኝ ነገር አገኘበት፤ በአንዳንዱም በመለያው ላይ ያልተጻፈ ሌላ ነገር ነበረበት። ጠያቂዋ በቫይታሚን ጠርሙስ ያለውን ማን እንደ ፈጨው ታውቅ እንደ ሆነ ጠየቀቻት።

ምላሽ 20፦ ይህንን የጻፈችው ሴት ከዚያ በፊት ጽፋ አታውቅም። ወንድሟ በትንሹ ጀምሮ፣ ምንም አልተሰማኝም እያለ መጠኑን ከፍ አደረገ። አንድ ቀን ከሥራ ስትመለስ የአፓርታማውን የጭስ ማስጠንቀቂያዎች ሁሉ ከጣሪያ ነቅሎ፣ በፎጣ ጠቅልሎ፣ ማቀዝቀዣ ውስጥ ከእንጀራው በታች ከትቷቸው አገኘችው፤ እየሰሙት ነበር። ሆስፒታል ገብቶ ቆየ። ሐኪሞቹ በዘመድ እንዲህ ያለ ሕመም አለ ወይ ሲሉ ቤተሰቡ በአንድ ድምፅ የለም አለ። በኋላ ትዝ ያላት አጎታቸው ነው። ገጠር የቀረው፣ ዛር ለከፈው ተብሎ ሲነገርለት የኖረው። በጥናቶቹ ውስጥ ስኪዞፍሬኒያ ወይም ባይፖላር የሚባል የአእምሮ ሕመም በቅርብ ዘመድ ያለበት ሰው ገና ከበሩ ይመለሳል፤ የእኛ ሰው ግን የዘመዱን ሕመም በዚህ ስም አያውቀውም፤ ስለዚህ ቅጹ ላይ የለም ብሎ ይሞላል። ወንድሟ ዛሬ ደኅና ነው፤ ሰርግ ቤት ግን አይሄድም።

ለዚህ ምላሽ ብዙዎች የማጽናኛ ቃል ጻፉ። በእኔ ልብ የቀረው ግን የአጎትየው ነገር ነው። መድኃኒት ሳስረክብ የቤተሰብ ሕመም ስጠይቅ ስንቱ ዛር ለከፈው የሚባል ዘመድ እያለው የለም ብሎ እንደ መለሰልኝ አሰብሁ፤ ከዚያ ወዲህ ጥያቄውን በሌላ መልክ ነው የማቀርበው።

ምላሽ 21፦ የሲያትሉ ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ግን ሳይሸነፍ ተመለሰ። ሲሎሳይቢን ለድባቴ እንደሚጠቅም ታላላቅ ሆስፒታሎች መስክረው ሳለ፣ አውስትራሊያም ከሐምሌ 2023 ጀምሮ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች እንዲያዙት ፈቅዳ ሳለ፣ እዚህ እንደ መርዝ መቆጠሩ አድልዎ ነው አለ።

ምላሽ 22፦ 13ኛዋ ነርስ መለሰችለት። እርሱ የሚጠቅሰው ምስክር ለሌላ ነገር የተሰጠ ነው። በ2022 የታተመው የ233 ሰዎች ጥናት 25 ሚሊግራም በአንድ ጊዜ፣ መኝታና ባለሙያ ባለበት ክፍል፣ በሌላ መድኃኒት ባልዳኑ ሕሙማን ላይ የተሞከረ ነው፤ ሰዓታት የሚፈጅ ከባድ ጉዞ ነው። የአውስትራሊያውም ፈቃድ በሌላ መድኃኒት እምቢ ላለ ድባቴ ብቻ ነው። በየሦስት ቀኑ ከቁርስ ጋር የሚዋጠው ትንሹ እንክብል የዚያን ማስረጃ ተውሶ ይዞራል። ይህ ለእኔ የክርክሩ እምብርት ነበር፤ ሁለቱን የሚያደባልቁ ሻጮች ብዙ ናቸው፣ ከገዢው ይልቅ የሚጠቅመውም እነርሱን ነው።

ምላሽ 23፦ ጠያቂዋ ሐኪሟ ጋር ደውላለች። ሰርትራሊኑን በትንሽ መጠን እንደገና ጀምራለች፤ ለሌሊት ሥራውም ደብዳቤ ተጽፎላት ፈረቃ እንዲቀየርላት አመልክታለች። እንክብሎቹን ለወዳጇ መልሳላታለች፤ ወዳጇ ግን ስጦታ እንደ ተመለሰባት ቆጥራ ሰሞኑን አታናግራትም። አማርኛ የሚናገር የሥነ ልቦና አማካሪ በአካባቢው የሚያውቅ ካለ እንዲጠቁማት ለምናለች፤ ሁለት ሰዎች በግል ጽፈውላታል።

ምላሽ 24፦ የሲያትሉ ሰው ወዳጅየዋ የተመለሱላትን እንክብሎች ትሸጥ እንደ ሆነ ጠየቀ። ዕፅ መገበያየት በደንቡ የተከለከለ ስለ ሆነ አስተዳዳሪው ውይይቱን እዚያው ላይ ዘጋው።